«ሊመነኩስ ነው» የተባልኩበት ሰሞን

ጥያቄ ማብዛት በሽታ ቢሆን ኖሮ እኔን እስካሁን ሦስት ጊዜ ጸበል ይወስዱኝ ነበር። መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ክፍል ውስጥ እጁን የሚያወጣ ተማሪ ሲጠፋ እኔው ጠይቄ እኔው እመልሳለሁ። ባለቤቴ ዘነበች፣ «አንተ ሰው ለቅሶ ቤት ሄደህ እንኳ ‹ድንኳኑን ከየት ተከራያችሁ?› ሳትል አትነሣም» ትለኛለች። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። እሱም ድንኳኑ በእውነት ጥሩ ስለነበረ ነው።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ባለፈው ኅዳር የደረሰብኝን ስታነቡ «ይኼ ሰውዬ ለምን ዝም አለ?» እንዳትሉኝ ነው። ዝም ያልኩት ቀጥሎ የሚሆነውን ለማየት ጓጉቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ቢኖረኝ ለዘነበች ነግሬያት በዳንኩ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። የደወለልኝ አባ ዮናስ ነው። አባ ዮናስ የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው፤ ያን ጊዜ ዮኒ ነበር። ዶርማችን ውስጥ እንደሱ የሚያስቀን ሰው ስላልነበረ፣ በመጨረሻው ዓመት «ካቶሊክ ገዳም ልገባ ነው» ሲለን ምሳችንን አቋርጠን ሳቅን። እሱ ግን ገባ። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አዲስ አበባ ዳር ካለ ገዳማቸው አልወጣም። በሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ለብቻችን ስንሆን ግን ያ ካልሲዬን ሰርቆ የሚያደርግ ዮኒ ትዝ ይለኝና አንደበቴ እምቢ ይላል።

«ስማ መምህር» አለኝ፤ «እኔ ስገባ ወደ አርባ እንጠጋ ነበር። አሁን አምስት ነን። ከአምስቱ ትንሹ እኔ ነኝ።»

«አንተ? ፀጉርህ ሸብቷል አላልከኝም?»

«አዎ። እነሱ ግን አሁንም ‹ልጁን ጥሩት› ነው የሚሉኝ። ምግብ ቤት ስንቀመጥ እያንዳንዱ የድሮ ቦታው ላይ ነው፤ ጨው አቀብለኝ ለማለት መጮህ አለብኝ።»

ከዚያ የደወለበትን ነገረኝ። የገዳማቸው አለቃ ጠርተውት «ኦርቶዶክሶቹ ወጣቱን እንዴት እንደሚስቡት ሄደህ እይና ና» ብለውታል። እሱ ደግሞ እኔን አስታወሰ። ለካ ኮሌጅ እያለን «መንዝ ውስጥ ድንጋይ ብታነሣ ከሥሩ መነኩሴ ታገኛለህ» ብዬው ኖሯል። የአገሬን ስም ሳነሣ እንዲህ እንዲህ ማለት እወዳለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኛ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን ገዳም እንኳ በሩን አይቼው አላውቅም ነበር። ለጓደኛዬ ግን «ና፣ እኔ አለሁ» አልኩት።

የአበምኔቱን ስልክ ከዘመሮው ቄስ ተቀብዬ ደወልኩ። ኋላ እንደተረዳሁት የገዳሙ ስልክ አንዲት ናት፤ ኔትወርክ የምትይዘውም አንዲት ድንጋይ ላይ ወጥተው ወደ ቆላው ሲዞሩ ብቻ ነው። እኔ ይህን አላወቅሁም። በትሕትና፣ «አባታችን፣ ስለ ምንኩስና ልጠይቅ ልመጣ ነበር» አልኩ። ከወዲያ ማዶ ነፋሱ ብቻ ተሰማኝ።

«ምን አልክ ልጄ?»

«ስለ ምንኩስና ልጠይቅ!»

«ምንኩስና ልትጠይቅ?»

«አዎ አባቴ። ጓደኛዬም አብሮኝ ይመጣል።»

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ልዘጋው ስል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል የተንቀጠቀጠ ድምፅ ሰማሁ። እንዴት ያሉ ትሑት አባት ናቸው፣ ሁለት ጠያቂ ይመጣል ሲባሉ እንዲህ ይደሰታሉ፣ አልኩ በሆዴ። ስለ ምንኩስና መጠየቅና ምንኩስና መጠየቅ የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቁ፣ ያቺን «ስለ»ም ነፋሱ ቆላ ይዟት እንደወረደ በምን ልወቅ?

ለዘነበች «አንድ ሌሊት አድሬ እመለሳለሁ፤ ጥናት ነገር ነው» ብያት ሐሙስ ዕለት ከአባ ዮናስ ጋር ተነሣን። እስከ ጓሳ አፋፍ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት በእግር። አባ ዮናስ ነጭ ቀሚስ ለብሶ ከላዩ ጥቁር ደርቦበታል። መኪናው ውስጥ ሰው ሁሉ ሰርቆ ያየዋል፤ አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ አላስቻላቸውምና «አባታችን ከየት ደብር ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከአዲስ አበባ» አልኩ። አዲስ አበባ የማይኖር ነገር የለም ብለው ነው መሰለኝ ተቀበሉኝ።

ገዳሙ ደጅ ስንደርስ የድንጋይ ደወል ተመታ። እኔ የጸሎት ሰዓት ደርሶ ነው ብዬ ኮፍያዬን አወለቅሁ። የተመታው ለእኔ ነው።

አበምኔቱ አባ ገብረ ሕይወት ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ስድሳውን የተሻገሩ ሰው ናቸው። እየሮጡ ማለት ይቻላል፣ መጥተው አንገቴን አቀፉኝ። ከኋላቸው አንድ በጣም ያረጁ መነኩሴ ቆመው ይስቃሉ፤ አባ ወልደ ሰንበት ይባላሉ፤ ጆሯቸው አይሰማም። ሦስተኛው አባት ጉልበታቸውን ታመው ከክፍላቸው አይወጡም አሉን። ሌላ ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ገዳሙ ይኸው ነው።

እንዳንዋሻቸው ብለን ገና በሩ ላይ «አባ ዮናስ ካቶሊክ ናቸው» አልኩ። አባ ገብረ ሕይወት ጓደኛዬን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«መነኩሴ ነዎት?»

«ነኝ አባቴ።»

«ስንት ናችሁ?»

«አምስት።»

«እኛ ሦስት ነን» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ቤተ መቅደስ አላስገባዎትም። እንግዳ ቤት ግን እሳት አለ።» ነገሩ በዚሁ አለቀ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ለማገናኘት ጉባኤ የሚጠራ ሰው ካለ ሦስትና አምስት የሚሉትን ቁጥሮች ብቻ ይዞ ይምጣ።

እኔን ግን ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። አባ ገብረ ሕይወት በርጩማ ሳቡ፤ ገበቴ በውሃ ሙሉ መጣ፤ ተንበርክከው ጫማዬን ይፈቱ ጀመር። እንግዳ እንዲህ ይቀበላሉ ማለት ነው፣ አልኩና ተንደላቀቅሁ። ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ ተቀዷል፤ ያንን በእጄ ልሸፍን ስታገል፣ «ሰባት ዓመት ሙሉ» አሉ አንገታቸውን እንደደፉ። «ሰባት ዓመት አንድ ሰው አልመጣልንም። እኔ ስሞት ይኼን ደወል ማን ይመታዋል እያልኩ ነበር። አንተ ደውለህ ‹ምንኩስና ልጠይቅ› ስትለኝ ያን ቀን እህል አልቀመስኩም፣ ከደስታ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ውሃው እንደ በረዶ ነበርና እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ እኔን ግን ያላበኝ ጆሮዬ ሥር ነው። «አባቴ፣ ይቅርታ፣ እኔ እንኳ...» ብዬ ጀመርኩ። እንባቸው እግሬ ላይ ጠብ አለ። እግር ላይ የወደቀ እንባ እንዴት ተደርጎ እንደሚመለስ የምታውቁ ንገሩኝ። ዞሬ አባ ዮናስን አየሁት፤ አውጣኝ ማለቴ ነው። እሱ ደብተሩን ከኪሱ አውጥቷል።

ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ «ዝም በል» አለኝ። «አዲስ ሰው እንዴት እንደሚቀበሉ ነው ላየው የመጣሁት። ነገ ጧት እንነግራቸዋለን።»

እኔም፣ እንዳልኳችሁ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉኝ ማወቅ ፈለግሁ።

ከእግር እጥበቱ በኋላ ጥያቄ መጣ። ሁሉንም በእውነት መለስኩ፤ ኃጢአቴም እዚያ ላይ ነው።

«ቤተሰብህ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ አባቴ።»

«ተከፉ?»

«ኧረ ደስ ብሏቸው ነው የሸኙኝ።» ዘነበች ቤቱ ለአንድ ቀን ከጥያቄ አረፈ ብላ በቆሎ ጠብሳ ይዤ እንድሄድ ሰጥታኛለች።

«ባለቤት አለችህ?»

«አለች።»

ደንገጥ አሉ። «እና እሷስ?»

«እሷ እዚያው ዘመሮ ናት።»

«ፈቅዳ?»

«ፈቅዳ ነው አባቴ።» እንድመጣ ፈቅዳለች፤ ምን ልበል? አበምኔቱ ግን ጥንቁቅ ሰው ናቸው። የሚስት ፈቃድ በአፍ ብቻ አይቀበሉም። ድንጋይዋ ላይ ወጥተው፣ የዘመሮው ቄስ ጉዳዩን ከባለቤቴ አፍ አጣርተው እንዲነግሯቸው ደወሉ። ይህን የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጧት ልንነግራቸው ስንነሣ አባ ገብረ ሕይወት ወንጭፍ አስጨበጡኝ። «የመጀመሪያ አገልግሎትህ ገብስ መጠበቅ ነው» አሉ። ከገዳሙ አጥር ውጭ፣ እስከ ገደሉ አፍ የሚደርስ የገብስ ማሳ አላቸው። ደርሶ፣ ጎንብሶ፣ ማጭድ ይጠብቃል። የሚያጭደው ግን የለም፤ የሚበላው አለ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በየጧቱ ከገደሉ ሥር ብቅ ይላሉ። እስካሁን የሚጠብቁት አባ ወልደ ሰንበት ነበሩ፤ ጀርባቸውን ለማሳው ሰጥተው ዳዊት ይደግማሉ። ጭላዳዎቹ ሰውዬው እንደማይሰሙ ያውቃሉ። እንዲያውም ገዳሙ ውስጥ ስንት ሰው እንደቀረ ከእነሱ በላይ በትክክል የሚያውቅ የለም።

እኔን ሲያዩ ትንሽ አፈገፈጉ። አዲስ ሰው ነኝ። ወንጭፌን አዙሬ ለቀቅሁ፤ ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄዶ የእንግዳ ቤቱን ጣሪያ መታ። ሁለተኛው የት እንደሄደ እስካሁን አላውቅም። ሦስተኛውን ልወረውር ስል ጋማው እንደ አንበሳ የወረደ አንድ ወንድ ጭላዳ እፊቴ ተቀመጠና፣ ዓይኔን እያየ፣ አንድ ዘለላ ገብስ ነጭቶ ማሸት ጀመረ። ተማሪ እንዲህ አድርጎ ንቆኝ አያውቅም።

ከሰዓት ውሃ እንድቀዳ ተላክሁ፤ ምንጩ ቁልቁል ነው፤ ስወርድ ሃያ ደቂቃ፣ ስወጣ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ እንስራው ግማሽ። አባ ገብረ ሕይወት ግማሹን እንስራ አይተው «በርታ፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን ባዶውን ይዤ ነው የተመለስኩት» አሉኝ። ሰው እንዲህ ሲልህ እውነቱን እንዴት ትነግረዋለህ? «ማታ እንነግራቸዋለን» አልኩት ለአባ ዮናስ። ማታ ቁርበት ላይ ተኝቼ ወገቤን አልሰማውም ነበር።

አባ ዮናስ በበኩሉ ጥናቱን ይዟል። ቅዳሜ ማታ እሳቱ ዳር ከአበምኔቱ ጋር ተቀምጠው ሳያቸው ሁለቱም ለመጠየቅ የተዘጋጁ መሆናቸው ያስታውቃል። መጀመሪያ አባ ዮናስ ደብተሩን ገለጠ።

«አባታችን፣ ወጣቱ ወደ ገዳም እንዲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?»

አባ ገብረ ሕይወት ፈገግ አሉ። «ይገርማል፤ እኔም እሱኑ ልጠይቅዎት ነበር። እናንተ የተደራጃችሁ ናችሁ ሲሉ እሰማለሁ።»

አባ ዮናስ ደብተሩን ዘጋው። የሞከሩትን ሁሉ ነገራቸው። በራሪ ወረቀት አሳተሙ። ፌስቡክ ከፈቱ። ወጣቶች ጋብዘው ሦስት ቀን አሳደሩ፤ ኳስ ሜዳ ጠረጉላቸው፣ ሥጋ አበሏቸው። አርባ ልጅ መጣ፣ ዘፈነ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሄደ። አንድ ልጅ ብቻ ቀረ። እሱም በሦስተኛው ወር «አባቶቼ፣ እኔ ወጥ ቤቱን ነው የወደድኩት» ብሎ ሄዶ ምግብ ቤት ከፈተ።

«ምግቡ እንዴት ነው?» አሉ አባ ገብረ ሕይወት።

«በጣም ጥሩ ነው።»

  እዚህ ላይ ቀልዴን ትቼ ልንገራችሁ፤ ከዚያ በፊት ገዳም ሰው ያጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንደ ተራራው፣ ሁልጊዜ እዚያው ያለ ይመስለኝ ነበር። አባ ገብረ ሕይወት ግን ጸሎቱ የሚደርስበትን ሥርዓት፣ የትኛው መጽሐፍ የት እንደሚቀመጥ፣ በክረምት ምንጩ ሲደፈርስ ከየት እንደሚቀዳ፣ ሁሉን ነገር ብቻቸውን በጭንቅላታቸው ይዘው ለማን እንደሚያወርሱት ያጡ ሰው ናቸው። ያን ምሽት ለእኔ ማውረስ ጀምረው ነበር። ስለ ምንጩ ሲነግሩኝ እኔም ጠየቅሁ፤ ስጠይቅ ደስ አላቸው፤ ደስ ሲላቸው ጨመርኩ። በሕይወቴ ጥያቄዬ ያላሰለቸው ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው። አስቡት፣ እንዴት ልንገራቸው?

ዘመሮ ውስጥ ደግሞ ይህ ሆኗል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ዘነበች ሽንኩርት ስታማርጥ ቄሱ ቀረብ ብለው፣ በጨዋ ደንብ፣ «እሙዬ፣ ባለቤትሽ ይመነኩስ ዘንድ ፈቅደሻል አሉ። ከገዳሙ አጣሩልን ብለውኝ ነው፤ እውነት ነው ወይ?» አሏት። ሽንኩርት ሻጯ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ዘነበች የያዘችውን ሽንኩርት ቀስ አድርጋ መልሳ፣ «ይመነኩሳል? ማን? ያ ሰውዬ ጾም ሲገባ ‹ስንት ቀን ቀረው› እያለ የሚያሰለቸኝ?» አለች። ወዲያው ቤት ገብታ አባቷን አስነሣች።

አማቴን ጋሽ ሸዋንግዛውን ያላወቃችሁ እንደሆነ፣ ሰባውን የተሻገሩ፣ ትከሻቸው ያልጎበጠ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ወንዶች ልጆቻቸው መሬቱንም በሬዎቹንም ተረክበው «አባባ፣ ከእንግዲህ ይረፉ» ብለዋቸዋል። እሳቸውም እያረፉ ነው፤ ከጧት እስከ ማታ ደጃችን ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ «ወዴት ነው?» ይላሉ። ዘነበች ስትቆጣ ዱላቸውን አነሡ። ዱላው የማን ጀርባ ላይ ሊያርፍ እንደሆነ አልጠየቁም።

እሑድ ረፋድ ላይ ገብሱ ውስጥ ሆኜ ከዚያው ጭላዳ ጋር ስንተያይ ድምፅዋን ሰማሁ።

«አንተ ሰውዬ! ውጣ!»

ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ዘነበች ከደጁ ድንጋይ ማለፍ አትችልም። ድምፅዋ ግን ያልፋል፣ እሱን የሚከለክል ሥርዓት የለም። አባ ወልደ ሰንበት እንኳ ከዳዊታቸው ቀና አሉ። ጭላዳዎቹ በአንድ ጊዜ ገደሉን ወረዱ፤ እኔ በሦስት ቀን ያልቻልኩትን እሷ በሁለት ቃል ጨረሰችው።

አባቷን ላከችብኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው ዱላቸውን ጨብጠው ወደ ማሳው ሲመጡ አባ ገብረ ሕይወትም ከውስጥ ወጡ። አባ ዮናስም መጣ። ከዚህ በላይ የሚጠበቅ «ነገ» አልነበረምና ማሳው ጠርዝ ላይ ተንበረከክሁ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ስለ ምንኩስና ልጠይቅ ነበር የመጣሁት እንጂ ምንኩስና ልጠይቅ አልነበረም። ስልኩ ነው።»

አበምኔቱ ለአፍታ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። ፊታቸው ላይ ሲገባ አየሁት።

«ይህን ያወቅኸው መቼ ነው?»

«እግሬን ሲያጥቡኝ።»

«እና ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

«ስትንቀጠቀጥ ጊዜ ጸጋ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ለካ ውሃው ነው።»

አባ ዮናስ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ከጎኔ ተንበረከከ። አባ ገብረ ሕይወት ሁለታችንንም አዩን። ይቆጡናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡን እንዴት በተገላገልኩ። እሳቸው ግን ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉና፣ ለማንም ሳይሆን ወደ ገደሉ እያዩ፣ «ሦስት ቀን ግን አራት ነበርን» አሉ።

 ጋሽ ሸዋንግዛው ያነሡትን ዱላ የት እንደሚያስቀምጡት አጡ። ከእግር እግራቸው እየቀያየሩ ቆይተው፣ ነገር ለመለወጥ ነው መሰለኝ፣ ወደ ማሳው ዞሩ። ዘለላውን በመዳፋቸው አሹት።

«ይኼ ገብስ ለምን አልታጨደም?»

«ማን ይጨደው?» አሉ አበምኔቱ።

«እየረገፈ እኮ ነው! ሁለት ቀን ቢያድር መሬቱ ነው የሚበላው። ማጭድ የላችሁም?»

«ማጭዱስ አለ። ሰንበት ቢሆንም፣ ጉድጓድ የገባ በግ ይወጣል ተብሏል።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ጋቢያቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። በእኔ ላይ የያዙትን ቁጣ ረሱት ማለት አይደለም፤ አንድ ማጭድ ወርውረው ሰጥተውኝ «አንተ በዚያ በኩል፣ ጥርስህን ነክሰህ» አሉኝ። ማሳው ከአጥሩ ውጭ በመሆኑ ዘነበችም ገባች። የተናደደች ሴት እንዴት እንደምታጭድ ያላየ አጨዳ አላየም። አባ ዮናስ ቀሚሱን ሰብስቦ ወገቡ ላይ አሰረና ነዶ መሸከም ጀመረ። ከአጠገቧ ሲያልፍ «ባሌን ያሳሳቱት እርስዎ ነዎት?» አለችው። «እኔ ነኝ እመቤቴ» አላት። «እንግዲያው ያቺንም ይጨምሩ» ብላ ሌላ ነዶ ጫነችበት።

ቀትር ላይ ጥላ ሥር በሶ በጥብጠው ሰጡን። ጋሽ ሸዋንግዛውና አባ ገብረ ሕይወት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እርስዎ ምን ይሠራሉ?» አሉ አበምኔቱ።

«እኔ? ምንም። ልጆቼ እረፍ ብለውኛል። አራት ዓመቴ፣ ከማረፍ በቀር ሥራ የለኝም።»

«እኛ ጋ ማረፍ የሚባል የለም።»

አማቴ በሶውን ከአፋቸው አወረዱ። «ሰባ ሁለት ዓመት የሆነውንም አያሳርፉም?»

«አላሳርፍም። አባ ወልደ ሰንበት ሰማንያ አምስት ናቸው፤ ነገም ጭላዳ ይጠብቃሉ።»

 የጋሽ ሸዋንግዛውን ፊት አየሁት። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እንዲህ ሲፈካ አላየሁትም ነበር።

አመሻሽ ላይ ልንነሣ ስንል «እናንተ ሂዱ» አሉን። «ነዶው አልተከመረም። እስከ ዓርብ ልቆይ።» ዓርብ ላይ ድንጋይዋ ላይ ወጥተው ደወሉ፤ አውድማው አልተለቀለቀም፣ ስለዚህ እስከ ሌላው ዓርብ። በሌላው ዓርብ አጥሩ ወድቋል አሉ። በሦስተኛው ዓርብ ምክንያት መፈለጉ ሳይሰለቻቸው አልቀረም፤ «አትጠብቁኝ ልጄ፤ አባ ገብረ ሕይወት አመክሮ ተቀብለውኛል» አሏት። እኔን ወልደው ለማሳደግ የሚደርሱ ሰው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ጀማሪ ረድእ ሆኑ። አበምኔቱ «አንተ» ነው የሚሏቸው አሉ፤ በዕድሜ ያንሷቸዋል፣ ግን ሥርዓት ነው።

ዘነበች ስልኩን ዘጋች። ከዚያ «አንዱን ልመልስ ሄጄ ሌላውን ሰጥቼ መጣሁ» አለች። አለቀሰች፣ መሐል ላይም ሳቀች፤ የትኛው እንደሚበልጥ ስጠይቃት ትራስ ወረወረችብኝ።

አባ ዮናስ አዲስ አበባ ከራሳቸው ገዳም ደውሎ ነበር። አለቃቸው «ታዲያ ምን አይተህ መጣህ?» ሲሉት፣ «እኛ ጋ የሚመጣውን ሁሉ ሻይ አጠጥተን ወረቀት ሰጥተን ነው የምንሸኘው፤ አንዱንም ‹እርዳን› ብለነው አናውቅም» አላቸው። አለቃው አልተቀበሉትም፣ እንግዳ አሠርቼ ልታማ ነው ወይ ብለው። እሱ ግን ባለፈው ሳምንት ሊጸልይ የመጣን አንድ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ጄኔሬተር እንዲያይላቸው ለምኖታል። ሰውዬው እስካሁን አልሄደም። «ይመነኩስ እንደሆነ አላውቅም፤ ጄኔሬተሩም አልተሠራም» አለኝ።

ከገና በኋላ ከዘነበች ጋር ጋሽ ሸዋንግዛውን ልንጠይቅ ወጣን። ወፍራም የሱፍ ባናቸውንና ትንሽ ቆሎ ይዘንላቸዋል። ደጁ ላይ አስጠርተናቸው ብዙ ቆመን ጠበቅን። በመጨረሻ መጡ፤ ቀሚሳቸው ጭቃ ነክቶታል፣ እጃቸው ላይ የመጥረቢያ እጀታ አለ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ፊታቸው ወዝቷል።

«ደኅና ናችሁ? ምነው፣ ምን ሆናችሁ ነው?»

«ምንም አልሆንንም አባባ» አለች ዘነበች። «ልናይዎት ብቻ ነው።»

ባናውን ተቀብለው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ እኛ አዩ፤ ጉዳይ እንዳለው ሰው ቸኩለው ነበር። ለአራት ዓመት አንድም ቀን ቸኩለው አይቻቸው አላውቅም።

«አያችሁኝ አይደል?» አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ ሥራ አለብኝ» ብለው ገቡ።